ሞተሩ በማን እጅ ነበር

ቂርቆስ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙህራ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሹፌሩ ሙክታር ትናንት ከጋምቤላ ሲገባ አይሱዙውን ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል አቁሞ ደብዳቤሽንና ማንጎውን ሰጠኝ። "ምነው እናንተ ልጆች፣ ስልካችሁን ውሃ በላው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። "እኔ ነኝ የዘጋሁባት" አልኩት። "እንዲያ ከሆነማ ማንጎውን መልሺልኝ!" አለ። አልመለስኩለትም። እናቴ ማንጎውን ከነሰላምታሽ ተቀብላለች። እኔ ማንጎውን ብቻ።

ሥራ እንዴት ነው ብለሻል። ካዛንቺስ የነበረው ቢሯችን ከፈረሰ ወዲህ ባምቢስ ገብተናል። ጄኔሬተር ግን የትም ሰፈር ጄኔሬተር ነው፤ እፈታዋለሁ፣ እገጥመዋለሁ፣ እጄ ጠቁሮ ቤቴ እገባለሁ። መብራት ሲጠፋ ሆቴሎቹ "ኢንጂነሯን ጥሩልን" ይላሉ። ሞተር ላይ እምነት የነፈገችኝ የገዛ ሰፈሬ ብቻ ናት።

"ስለ አንቺ ምን ይባላል?" ላልሽው፣ አልሰማሁም ካልሽ ልንገርሽ። ባለፈው ጥቅምት አንቺ፣ እኔ፣ ወንድምሽ ቢላል፣ ጓደኞቻችን ልዩና ቴዎ በጋሽ ኦኬሎ ጀልባ ከጋምቤላ ተነስተን ባሮን ይዘን ወደ ኢታንግ ስንወርድ፣ ሃያት፣ እኔው ማለት ነው፣ ሞተሩን ስትከንፍበት አሸዋ ላይ ወጣች፤ ልዩ ተወርውራ ክንዷ ተሰበረ፤ ሃያት ደግሞ ጥፋቷን ቢላል ላይ ልታላክክ ፈለገች። የሚባለው ይኸው ነው። የልዩ እናት እትዬ የሺሃረግ ሰላምታዬን አይመልሱም። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከኋላዬ ያሉ ሴቶች "ሴት ልጅ ሞተር አስይዘው!" ሲሉ እሰማለሁ። ዳቦዬን ገዝቼ እመለሳለሁ። አንገቴን ደፍቼ ግን አይደለም።

የሆነውን አንቺም ታውቂያለሽ። ጋሽ ኦኬሎ ጀልባውን ሲያስረክበን "ከሃያት በቀር ማንም አይነዳም" ብሎን ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ አጠገቡ አስቀምጦ አስተምሮኛል። ያን ቀን ቤንዚንና ዘይት ልቀላቅል ሞተሩን አጥፍቼ፣ ጀልባውን ከዳር አስሬ፣ እዚያው ጀልባው ውስጥ ጄሪካኑ ላይ አጎነበስኩ። ቢላል ገመዱን ፈታ፤ ሞተሩን በቀረችው ቤንዚን አስነስቶ ለቀቀው። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ጥልቁ ውሃ በውጭው ዳር ነው የሚሄደው፤ ዝናቡ አቁሞ ውሃው ሲጎድል አሸዋው ወደ መሃል ይገፋል። "ዳሩን ያዝ!" ብዬ ጮህኩ። "መሃሉን ነው!" ብሎ መለሰልኝ። ወንድምሽ የአዲስ አበባ ሾፌር ነው። ክረምት አስፋልቱ በጎርፍ ሲሸፈን ዳር ዳሩ ክፍት ቱቦ ስለሆነ መሃሉን ይዞ ነው የሚያልፈው። ባሮን የባምቢስ መንገድ አደረገው።

ልዩና ቴዎ ከፊት ሆነው ሙዚቃ ከፍተው ወደ ፊት ነበር የሚያዩት። አንቺስ ወዴት ነበር የምታዪው? ሌላውን ሁሉ ተዪውና ይቺን ብቻ መልሺልኝ።

ሃያት


ጋምቤላ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውዷ ሃዩ፣

ወአለይኩም ሰላም። እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ገብቷል፤ ባሮ ቀልቶና ሞልቶ ከድልድዩ ስር ሲያልፍ ድምፁ ላቦራቶሪያችን ድረስ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ታካሚው ሁሉ ወባ ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ውዬ ማታ ዓይኔን ስጨፍን እንኳ ክብ ክብ ነገር ይታየኛል።

ለጠየቅሽኝ፣ እኔ እንኳ በደንብ አላየሁም መሰለኝ። ፀሐዩ ይመታ ነበር፣ ውሃውም ይረጭ ነበር። ከዚያ ልዩ ስትጮህ ሁሉም ነገር ተደበላለቀብኝ። ካላየሁት ነገር ምን ልበል?

ደግሞ ልንገርሽ፣ ለመጪውም ዓመት ጉዞው ተቆርጧል፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ጋሽ ኦኬሎ ጀልባውን ይሰጠናል። ቢላል ነው የሚነዳው። በቃ፣ ሌላ የሚችል ሰው የለም። አንቺም እንድትመጪ ሁሉም ይፈልጋል፤ ወላሂ ቢላል ራሱ "ያለ ሃያት ምን ያምራል" ብሎኛል። ግን መጀመሪያ እትዬ የሺሃረግ ቤት ሄደሽ ይቅርታ በያቸው። አንድ ቃል ናት እኮ ሃዩ። ተናግረሽ ትገላገያለሽ፤ ሰፈሩም ይረሳዋል።

አባዬ ሽማግሌ ይዞ ሊመጣባችሁ ነው። እሱ በሰዎች መሃል ሰላም ሲወርድ ነው እንቅልፍ የሚወስደው። እባክሽ አታሳፍሪው።

እህትሽ ዙህራ


ቂርቆስ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙህራ፣

የእናቴ ጉልበት ደህና ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወንበር አመላልሳበታለች።

እሁድ ከሰዓት ነው የመጡት። አባትሽ ጋሽ ኢሳ ከፊት፣ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ኃይለማርያም ከኋላ። እናቴ ለስላሳ ከፈተችላቸው። አባትሽ ጠርሙሱን ሳይነኩት ጀመሩ።

"ልጄ፣ ሰው ነሽ። ሰው ይሳሳታል።"

"ልክ ነው አባባ። እኔ ግን አልተሳሳትኩም።"

"እኛኮ ማን አጠፋ ልንል አልመጣንም።"

"ታዲያ ለየትኛው ጥፋት ነው ይቅርታ የምጠይቀው?"

አቶ ኃይለማርያም ትዕግስታቸው አለቀ። "ኧረ ባክሽ! ይቅርታ ምን ያስከፍላል? እኔ ሚስቴን በቀን ሦስቴ ይቅርታ እላታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።"

"ቢያስቡበት ምክንያት አያጡም ጋሼ" አልኳቸው። እናቴ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች፤ ከዚያ እግሬን ረገጠችኝ።

አባትሽ ግን አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቢላል ነው የያዘው እንዳልሽ ሰምቻለሁ። ጠየቅሁት። ወላሂ አልያዝኩም አለኝ። ልጄን አላምን ብል ምን አባት እሆናለሁ?" አሉኝ።

"ሌላም ልጅ አለዎት አባባ" አልኳቸው።

አልገባቸውም፤ ወይ እንዲገባቸው አልፈለጉም። ተነስተው መርቀውን ሄዱ። ከወጡ በኋላ እናቴ "አንድ ቃል ብትተነፍሺ ምን ነበረበት?" አለችኝ። ይቺን "አንድ ቃል" የምትሏትን ነገር ሁላችሁም ከአንድ ሱቅ ነው እንዴ የምትገዟት? እሷን ቃል ከአፌ ያወጣሁ ቀን የልዩን ክንድ የሰበርኩት እኔ እሆናለሁ። ዕድሜ ልኬን። ሞተሩንም ያን ቀን ለቀቅሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ጀልባ አምኖ አይሰጠኝም።

ፀሐይና ውሃ ላልሽው ደግሞ ይኼን ስሚኝ። አንቺ ጀልባ ላይ ስትወጪ ሂጃብሽ እንዳይርስ ጀርባሽን ለፊተኛው ጫፍ ሰጥተሽ ነው የምትቀመጪው። ቴዎ "ዙህራ ወደ ኋላ የሚሄድ መንገደኛ ናት" እያለ ሲቀልድብሽ ነበር የሰነበተው። ፊትሽ ወደ ሞተሩ ነበር። ፀሐዩም ከጀርባሽ።

እንደገና እጠይቅሻለሁ። በሞተሩ ላይ የማን እጅ አየሽ?

ሃያት


ጋምቤላ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃያት፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ይኼን እንኳ ሙክታር "እሄዳለሁ፣ ትሰጪኛለሽ ወይስ አትሰጪኝም" እያለ ጥሩምባ እየነፋብኝ ነው የምጽፈው።

አይቻለሁ። ቢላል ነው። አንቺ ጄሪካኑን እንደያዝሽ ስትጮሂበትም አይቻለሁ።

ልዩን ሐኪም ቤት አስገብተን ኮሪደር ላይ ስንቀመጥ ቢላል እጄን ያዘኝ። "ጋሽ ኦኬሎ ያለ ፈቃድ ነካህ ብሎ ይገድለኛል፤ አባዬ ይሞታል፤ ሃያት ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች። አንቺ ብቻ ዝም በይ" አለኝ። ዝም አልኩ። ያኔ ለጥቂት ቀን ነው የመሰለኝ። ልዩ ስትድን የሚረሳ ነገር መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንቺ ስትናገሪ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው "ዙህራ፣ አንቺስ?" ሲሉኝ "እንጃ" ማለት ቀለለኝ። አንድ ጊዜ "እንጃ" ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።

አሁን ደግሞ አባዬ ምንም ሳያውቅ አንቺ ቤት ለሽምግልና መጣ። የራሱ ልጅ ላጠፋው አንቺን ይቅርታ ጠይቂ ሲል እንደነበር ሰፈሩ ቢሰማ በምን ፊቱ ይወጣል? ደም ግፊቱን ታውቂያለሽ።

እባክሽ እንዲህ እናድርግ። ለጋሽ ኦኬሎ ብቻ፣ እዚሁ፣ በድብቅ እነግረዋለሁ። አንቺን መልሶ ያምንሻል፤ በሌላ ጊዜ ጀልባውን ይሰጥሻል። የአዲስ አበባው ግን ይቅር። እኔና አንቺ እናውቀዋለን። አይበቃሽም?

ዙህራ


ቂርቆስ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙህራ፣

አይበቃኝም።

"ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች" የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። እችለዋለሁ፤ ልክ ነው። አንድ ሰው መሸከም ስለቻለ ግን የሌላው ጭነት ይጫንበታል ያለው ማን ነው? እንደዚያ ከሆነ ነገ ጠዋት ጄኔሬተር ማንሳት እተዋለሁ።

አባትሽን በተመለከተ የምነግርሽ ነገር አለ። እኔ ጋሽ ኢሳን የማውቃቸው በልጅነታችን የጎረቤት መስኮት ሰብረን ስንደበቅ ከአልጋ ስር ጎትተው አውጥተው ሁለታችንንም በእጃቸው ይዘው "እነዚህ ናቸው" ሲሉ ነው። ያኔ አልሞቱም። አሁንም አይሞቱም። ይልቅ ውሸቱን ሳያውቁ ተሸክመው ሰው ቤት ሲዞሩ እኔ አዘንኩላቸው።

ስለ ክብሬ ብቻ የምጽፍ ከመሰለሽ ግን ተሳስተሻል። መስከረም መጨረሻ ላይ ያ ልጅ እነዚያኑ ሰዎች ጭኖ እዚያው ወንዝ ላይ ሊወጣ ነው። አሁንም ያጠፋሁት ነገር የለም ብሎ ያምናል፤ ማንም ተሳስተሃል ብሎት አያውቅማ። አሁንም መሃሉን ነው የሚይዘው። ባለፈው ክንድ ነበር። ዋና የሚችለው ቴዎ ብቻ ነው፤ እሱም ሆቴል መዋኛ ውስጥ፣ ዳሩን ይዞ።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር ልንገርሽ። ልዩ ሐሙስ ዕለት ደውላ ወሎ ሰፈር ካፌ ቀጠረችኝ። ከጥቅምት ወዲህ ፊት ለፊት ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው። ክንዷ ድኗል፤ ማኪያቶዋን ግን በግራዋ ነው የምታነሳው። መጀመሪያ ስለ ቴዎ አወራን። ካዛንቺስ ከፈረሰ በኋላ ገላን ጉራ ገብቶ "ጠዋት ሥራ ለመድረስ ማታ ነው የምነሳው" እያለ እንደሚያማርር ስትነግረኝ ሳቅን። ከዚያ ስኒዋን አስቀመጠች።

"ሃዩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ግን እንዳትቆጪ።"

"እቆጣለሁ። ጠይቂ።"

"ከመወርወሬ በፊት ድምፅሽን ሰምቼ ነበር። 'ዳሩን ያዝ!' ስትዪ። በሙዚቃው መሃል ነው የሰማሁት። ማለቴ፣ ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ሰሞኑን ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ሞተሩን የያዝሽው አንቺ ከነበርሽ፣ ለማን ነበር 'ያዝ' የምትዪው?"

ዙህራ፣ ይኼን ጥያቄ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል የጠየቀኝ አንድ ሰው ተገኘ። ክንዷ የተሰበረው ራሷ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። እኔ አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ቃሌ አልተቆጠረም። ደግሜ ብናገር ያው ልመና ነው የሚሆነው።

"ዙህራን ጠይቂያት" አልኳት።

ትደውልልሻለች። ደብዳቤዬ ቀድሞ ከደረሰ ተዘጋጂ ልልሽ ነው። "አላየሁም" ብትያት ልዩ ታምንሻለች፤ ጀልባው ላይም ትወጣለች። የላክሽልኝን ደብዳቤ ለማንም አላሳይም፤ ያንን አትፍሪ። በገዛ አፍሽ ካላልሽው እኔ በወረቀት አላስገድድሽም።

ሃያት


ጋምቤላ፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሃያት፣

እንኳን አደረሰሽ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ልዩ የደወለችልኝ ደብዳቤሽ በደረሰ በማግስቱ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስረዘመችም። ነገርኳት። ስጨርስ "ዙህራዬ፣ ለምን?" ብቻ አለችኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ስልኩን ከእጄ ሳላስቀምጥ ድፍረቴ እንዳያመልጠኝ ብዬ ወዲያው ለአባዬ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ኮሪደሩን፣ "እንጃ" ማለቴን፣ አንቺ "ሌላም ልጅ አለዎት" ያልሽውን። አላቋረጠኝም። በመጨረሻ "ሰምቻለሁ" አለኝና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስደውል አያነሳም። እማዬ ግን ደህና ነው፣ መድኃኒቱን ወስዷል ብላኛለች።

ቢላል በመልእክት "እህት አለኝ አልልም" ብሎ ጻፈልኝ። ትናንት ጋሽ ኦኬሎ ጋ ሄጄ ነገርኩት። ጥፍሩን እየቆረጠ ነበር። ቀና ብሎ "እኔማ አሸዋው ላይ የወጣበትን ቦታ ሳይ ሃያት እንዳልሆነች ጠርጥሬ ነበር። ግን አብረዋት የነበሩት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ዝም ስትሉ እኔ ምን እላለሁ?" አለኝ። አፈርኩ።

አዲስ አበባ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም። አባዬ ምን ሊያደርግ ነው? ጉዞውስ ይቀራል? ከመጣችሁስ እኔ ወደቡ ላይ ልምጣ ወይስ ቤቴ ልቀመጥ?

አውፍ በይኝ። እንደ ድሮው ባትሆኚልኝም ይቅር በይኝ።

ዙህራ


ቂርቆስ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዙህራ፣

አሰላሙ አለይኩም። እያንዳንዱን ጥያቄሽን እመልሳለሁ፤ ረጋ ብለሽ አንብቢ።

አባትሽ ደህና ናቸው። ስልክ ያላነሱት ተቆጥተውብሽ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ነበረባቸው። ባለፈው እሁድ አቶ ኃይለማርያምን ይዘው ቤታችን ድረስ መጥተው "ነይ ልጄ፣ እትዬ የሺሃረግ ቤት እንሂድ" አሉኝ። "ይቅርታ ልጠይቅ?" አልኳቸው። "አይደለም። ልትሰሚ" አሉኝ።

ስንገባ ልዩና ቴዎ ተቀምጠዋል። ቢላል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አባትሽ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ "የሺሃረግ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ ብዬ ወጥቼ የቤቴን ጥፋት ለሰው ልጅ ሳሸክም ነበር። አላውቅም ነበር፤ ግን ማወቅ ይገባኝ ነበር። ልጅቷ ስትነግረኝ አልሰማኋትም" አሉ። ከዚያ ወደ ወንድምሽ ዞሩ። "አንተ። በል።"

ቢላል መሬት መሬቱን እያየ፣ "ሞተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ" አለ።

"ለምንጣፉ ነው እንዴ የምትነግረው?" አሉት አባትሽ። "ቀና በል።"

ቀና አለ። እኔን እያየ ደገመው። "ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሃያት ጮሃብኛለች። አልሰማኋትም አልልም፤ ሰምቻታለሁ። ተሳስታለች ብዬ ነው። ከዚያ ፈራሁና በሷ ላይ አላከክሁ።"

ቴዎ ቀስ ብሎ "እኔኮ ያን ቀን ሙዚቃውን ትንሽ ቀንሱት ብዬ ነበር" አለ። ልዩ በደህና ክንዷ መታችው።

እትዬ የሺሃረግ እንባቸው መጣ። "አንቺ ልጅ፣ ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ዝም ትያለሽ?" አሉኝ። ዝም አላልኩም እትዬ፤ ተናግሬ ነበር፤ እርስዎ በሩን ዘጉብኝ አልኳቸው። ሰው ሲያለቅስ እንዲህ አይባልም፤ አውቃለሁ። ግን አልኩት፤ ከልቤም ወጣልኝ። ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። "ልክ ነሽ" አሉ። ከእሳቸው ይቺን መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቢላል አውፍ በይኝ ሲለኝ እሺ አልኩት። ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ፣ ሰው ባለበት፣ ፊቴን እያየ ስለተናገረው ነው። አቶ ኃይለማርያም "አየሽ፣ ቀላል ነው ብዬሽ ነበር" አሉ። አባትሽ በዓይናቸው ገሠጿቸው።

ጉዞው አልቀረም። ልዩ ናት "ሃያት ከነዳች ብቻ እሄዳለሁ" ያለችው፤ እናቷም አልተቃወሙም። ጋሽ ኦኬሎ ትናንት ራሱ ደወለልኝ። ብዙ አላወራም፤ "ለሞተሩ አዲስ ካንዴላ አስገብቼልሻለሁ፣ መጥተሽ ስሚው" አለኝ። ቢላል እኔስ ልቅር አለ። አይቀርም አልኩ። ያ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሞተሩን ቀስ አደርገዋለሁ፤ ጥልቁ የቱ ጋ እንደሆነ በዓይኑ ይይ። አንድ ቀን የሱም ተሳፋሪዎች ይኖራሉ። እስከዚያው ግን እጀታውን እንዳይነካ፤ ነግሬዋለሁ።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሰሞኑን ሰፈር ውስጥ ስሄድ "ካፒቴን" ይሉኛል። ዳቦ ቤት የሚቀልዱት እነዚያው ሴቶች ናቸው። አልተቀየምኩም፤ ግን ወረፋውን እንዲለቁልኝ አድርጌአለሁ።

አሁን ወደ አንቺ። ዘግይተሻል፤ ያ ሁሉ ወር የእኔ ነበር፣ ማንም አይመልስልኝም። ግን ልዩ ስትደውል መዋሸት ትችዪ ነበር፤ አልዋሸሽም። ለአባትሽ እንድትደውይ ማንም አላስገደደሽም። ወንድምሽን አጥተሽ እንደሆነ አላውቅም፤ አላጣሽውም ባይ ነኝ፤ ትናንት "ዙህራ ደውላ ነበር?" ብሎ እናታችሁን ሲጠይቃቸው ሰምቻለሁ።

አውፍ በይኝ ብለሽ ጽፈሻል። ከቢላል በወረቀት አልተቀበልኩም፤ ካንቺም አልቀበልም። አውሮፕላናችን መስከረም 29፣ ሐሙስ ጠዋት ይገባል፤ ከዚያ ቀጥታ ወደቡ ነው። አንቺም ነይ። እዚያ ዓይኔን እያየሽ ጠይቂኝ። እሺ እንደምልሽ ቃል አልገባም። እምቢ ብልሽ እንኳ ፊት ለፊት ነው የምልሽ፤ ከዚያ ተሳፍረሽ አብረሽን ትወርጃለሽ፤ ወንዙ ረጅም ነው፣ ሐሳቤን የምለውጥበት ጊዜ ይኖረኛል።

ሃያት